«መንዳት እችላለሁ» ብዬ ነበር

ይሄ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የቸኮላችሁ ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ በቁጥር የዘረዘርኩትን ብቻ አይታችሁ እለፉ። በተለይ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ቤታችሁ ካለ አንብቡለት።

የእህቴ ልጅ እዚህ ቨርጂኒያ ከመጣ አራት ወሩ ነው። ባለፈው ሐሙስ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ቁልፉን ጠየቀኝ።

«ብቻህን?» አልኩት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። እዚያ የነዳ ሰው እዚህ ምን ያቅተዋል? መኪና መኪና ነው» አለኝ።

ጉርሻዬን ሳልጨርስ እጄን ሰበሰብኩ። ይህቺን ንግግር እኔም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ብያት ነበር። ቁልፉን አልሰጠሁትም። «መጀመሪያ ቁጭ በልና ስማኝ» አልኩት። ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ።

እኔ አገር ቤት 14 ዓመት ሹፌር ነበርኩ። መጀመሪያ ሚኒባስ፣ በኋላ የመሥሪያ ቤት መኪና። የአባይን በረሃ በጭጋግም በዝናብም ወርጃለሁ። መብራት ያልነበረውን የድሮውን መስቀል አደባባይ በሥራ መውጫ ሰዓት ሳልጫር ሳልጭር አቋርጥ ነበር። ይሄን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ልቤ ምን ያህል አብጦ እንደነበር እንድታውቁት ነው። እንግሊዝኛው ያስፈራኝ ነበር፣ ሥራ ማግኘቱ ያስፈራኝ ነበር፣ መንዳቱ ግን በፍጹም አላሳሰበኝም።

የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። በመኪናው ፈተና ወደቅኩ።

የወደቅኩበት ቦታ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ዛፍ ብቻ። ስቶፕ ምልክት ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝ አድርጌ ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ ድመት እንኳ የለም። ቀስ ብዬ አለፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ፈታኝ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ተመልሰን ስንቆም «አላለፉም» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ስቶፕ ላይ አልቆሙም።»

«ማንም አልነበረም እኮ!»

«ምልክቱ ነበረ» አለችኝና ወረቀቱን ሰጥታኝ ወረደች።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ክፉ ሴት ገጠመችኝ።» አዎ። 14 ዓመት የነዳ ሰው ተሳሳትኩ አይልማ።

በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ። መንጃ ፈቃዱን ያዝኩ፣ አሮጌ ኮሮላ ገዛሁ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ለካ ገና መጀመሩ ነበር።

አንድ ቀን አርሊንግተን ውስጥ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቀጥ ብዬ እየነዳሁ ነው። ከፊት ለፊቴ አንዲት ሴትዮ ወደ ግራዋ ለመታጠፍ መንገዱ መሃል ቆማለች። ቅድሚያው የኔ ነው። «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገቢ» ለማለት ረጅም መብራት ብልጭ ብልጭ አደረግኩላት። አገር ቤት ይሄን የማያውቅ ሹፌር የለም። ሴትዮዋ ግን ፈገግ ብላ፣ እጇን አውለብልባ አመስግናኝ ፊቴ ገባች! ፍሬኑን በሁለት እግሬ ነው የረገጥኩት ማለት ይቻላል። ለካ እዚህ አገር መብራት ብልጭ ካደረግህለት ሰውየው የሚረዳው «እለፍ፣ ፈቅጄልሃለሁ» ብሎ ነው። እኔ «ቁሚ» አልኳት፣ እሷ «እለፊ» ብሎኛል አለች። ብንጋጭ ኖሮ ደግሞ ሁለታችንም እውነታችንን ነው።

ሌላው የፖሊስ ነገር ነው። ይሄን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ማታ ነው። ባለቤቴና ያኔ የስምንት ወር የነበረችው ልጃችን ከኋላ ተቀምጠዋል። ፍጥነቱ 25 ማይል በሆነ ሰፈር በ38 እየነዳሁ ነበር። 25 ማይል ማለት 40 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለኔ መሄድ ሳይሆን መዳህ ይመስለኝ ነበር። ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት በራ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ አገር ቤት የተማርኩትን ጨዋነት አደረግሁ። መንጃ ፈቃዴን ከኪሴ አውጥቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ወርጄ ወደ ፖሊሱ መሄድ ጀመርኩ።

አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆምህ መኪና ውስጥ ተጎልተህ ብትጠብቀው ንቀት ነው። ወርደህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ዛሬን ብቻ» ትላለህ። እኔ ያደረግሁት ያንኑ ነው። ፖሊሱ የገባው ግን ሌላ ነው። ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው በእጁ የሆነ ነገር ይዞ ወደ እሱ እየመጣ ነው።

ጮኸ። የሚለውን አልሰማሁትም፣ አንድ እጁ ወገቡ ላይ ወዳለው መሣሪያ ሲሄድ ግን አየሁ። ደርቄ ቀረሁ። ከኋላዬ ባለቤቴ በአማርኛ «ተመለስ! በእመቤቴ ተመለስ!» ስትል ይሰማኛል። እጄን ወደ ላይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ ተመልሼ ገባሁ። ሰውየው ኋላ ላይ ሲረጋጋ ክፉ አልነበረም። ትኬቱን ጻፈና «ሁለተኛ እንዳይወርዱ። እባክዎ፣ ሁለተኛ እንዳይወርዱ» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱም ፈርቶ ነበር ማለት ነው።

እስካሁን ያወራሁት የሚያስቅም የሚያስደነግጥም ነው፣ ግን ሁሉም በራሴ ላይ የመጣ ነው። የሚቀጥለውን ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ። የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ወደ ቤት እየነዳሁ ነው። መንገዱ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ ነው፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ቀለም እንጂ አካፋይ የለውም። ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቆሟል። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በጎኑ ያለችው የስቶፕ ምልክት ተዘርግታለች። አይቻታለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ያሰብኩት ግን «እሱ በዚያኛው መስመር ነው የቆመው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብዬ ነው። እግሬን ከነዳጁ ላይ እንኳ አላነሳሁም።

ከኔ በኩል ካለው ቤት አንዲት ልጅ ወጣች። ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከራሷ የሚተልቅ ሮዝ ቦርሳ ተሸክማለች። መንገዱን ልታቋርጥ ገባች። ወደ እኔ አላየችም። አንድም ጊዜ አላየችም። የቦርሳዋን ማንገቻ እያስተካከለች ዓይኗን አውቶቡሱ ላይ አድርጋ ነው የምትራመደው።

የአውቶቡሱ ሹፌር ክላክሱን ረግጦ ያዘው። እኔም ፍሬኑን። ጎማው ሲያፏጭ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። በኔና በእሷ መሃል የአንድ ሰው ቁመት ቢሆን ነው። አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። ግራ በመጋባት ነው ያየችኝ፣ «አንተ ለምን አልቆምክም?» እንደማለት። እናትየዋ ከደጃፏ ስትሮጥ መጣች። ልጇን ብብቷ ሥር ከትታ አየችኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንታት የፖስታ ሣጥኑን በፍርሃት ስከፍት ከረምኩ። ክሱ ይመጣል፣ ትኬቱ ይመጣል ብዬ። ምንም አልመጣም። ብመጣ ይሻለኝ ነበር። ከፍዬ፣ ተቀጥቼ፣ ተገላገልኩ እል ነበር።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የገባኝ ይሄ ነው። አገር ቤት የምንነዳው በዓይን ነው። እግረኛው ያየኛል፣ አየዋለሁ፤ እሱ ይቆማል ወይ እኔ እቆማለሁ፤ በዓይን ተስማምተን እንተላለፋለን። መብራቱንም ምልክቱንም ሙሉ በሙሉ የሚያምን የለም፣ ሁሉም ራሱን ይጠብቃል። እዚያ ጥሩ ሹፌር የሚባለው የሌላውን ሐሳብ ቀድሞ የሚያነብ ነው። እኔ በዚህ ጎበዝ ነበርኩ፣ አሁንም ቀላል ችሎታ ነው አልልም።

እዚህ ግን ሰው ዓይንህን አያይም። ቀድሞ የተስማማችሁ መስሎት ነው የሚሄደው። ያቺ ልጅ ያላየችኝ ስለተዘናጋች አይደለም። «ቀዩ መብራት ሲበራ መኪናው ሁሉ ይቆማል» ብለው አስተምረዋት ስላመነች ነው። የፈተናዋ ሴትዮ «ምልክቱ ነበረ» ያለችኝም ያኔ ነው የገባኝ። ስቶፕ ላይ የምቆመው ሰው ስላለ አይደለም። አንድ ቀን እኔ የማላየው ሰው፣ እንደምቆም አምኖ ስለሚመጣ ነው።

እና ለእህቴ ልጅ እንዲህ አልኩት፦ «መንዳት ስለማትችል አይደለም የምፈራልህ። የማይችል ሰው ይፈራል፣ ቀስ ይላል። የምፈራልህ በደንብ ስለምትችል ነው፣ ግን የምትችለው የዚያን አገር ስምምነት ነው።»

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ይሄን ጻፍኩለት። እኔ የማውቀው የቨርጂኒያን ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን መጽሐፍ አንብቡ፣ ዋናው ዋናው ግን ብዙ አይለያይም።

1. ስቶፕ ማለት ጎማው ፍጹም ሲቆም ነው። በአራቱም በኩል ስቶፕ ያለበት መስቀለኛ ላይ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሄዳል። እኩል ከደረሳችሁ በቀኝህ ያለው ይቅደም። «እለፍ አንተ»፣ «የለም አንተ» እያልክ በይሉኝታ መንገድ አትዝጋ። ተራህ ሲደርስ ሂድ።

2. የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀይ መብራት አብርቶ ከቆመ ከኋላውም ከፊት ለፊቱም ያለ መኪና ይቆማል። ነጻ የምትሆነው ከተቃራኒ ስትመጣ መሃል ላይ እንደ ግንብ ወይም ሣር ያለ አካፋይ ካለ ብቻ ነው። ቢጫ ቀለም አካፋይ አይደለም። ቆሞ ማለፍ እዚህ በወንጀል ያስጠይቃል።

3. ፖሊስ ካስቆመህ በስተቀኝ ጥግ ያዝ፣ ሞተር አጥፋ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብራ፣ መስኮት ዝቅ አድርግ፣ ሁለት እጅህን መሪው ላይ አድርግ። አትውረድ። ወረቀት ለማውጣት ከመንቀሳቀስህ በፊት «መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ላውጣው?» በል። አትለማመጥ፣ የሻይ ነገር ደግሞ በሕልምህም እንዳታስብ። የምትከራከረው ነገር ካለህ ፍርድ ቤት አለ።

4. አምቡላንስ ወይም እሳት አደጋ እየጮኸ ከመጣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ውጣና ቁም። ከኋላው ተለጥፈህ መንገድ አታትርፍ። መንገድ ዳር መብራት አብርቶ የቆመ የፖሊስ ወይም የእርዳታ መኪና ካየህ ደግሞ አንድ ረድፍ ራቅለት፣ ካልቻልክ ፍጥነት ቀንስ። ይሄ በ50ውም ስቴት ሕግ ነው።

5. ፍጥነት ላይ አትቀልድ። ከተፈቀደው 20 ማይል በላይ ካለፍክ፣ ወይም የትም ይሁን ከ85 ማይል በላይ ከነዳህ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነገሩ ተራ ትኬት ሳይሆን ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። የወንጀል መዝገብ ደግሞ ሥራ ስትጠይቅም ይከተልሃል።

6. ስልክ በእጅህ አትያዝ። ከ2021 ጀምሮ ክልክል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 125 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 250። እናትህ ከአገር ቤት ብትደውልም ቆመህ አንሳ።

7. ቀይ መብራት ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ የሚፈቀደው መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ከቆምክ፣ ቅድሚያ ያለውን ካሳለፍክና የሚከለክል ምልክት ከሌለ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፍ አረንጓዴ ቀስት ካልሆነ በቀር ከፊት የሚመጣው ይቅደም። ክብ አረንጓዴ አይቶ ዘው ማለት ብዙ ወገኖቻችንን አስመትቷል።

8. ሀይዌይ ስትገባ መግቢያው ላይ ፍጥነትህን ጨምር እንጂ ጫፉ ላይ ሄደህ አትቁም። ፍሬቻ አስቀድመህ አሳይ። የግራው ረድፍ ለሚያልፍ ነው፣ እዚያ ላይ አትንሸራሸር። በስህተት መውጫህ ካለፈህ ለእግዜር ብለህ ወደ ኋላ አትመለስ። የሚቀጥለው መውጫ ላይ ውጣ፣ አሥር ደቂቃ ብትዘገይ ነው።

9. ክላክስ እዚህ ሰላምታ አይደለም። አገር ቤት «አለሁ» ማለት ነው፣ እዚህ ስድብ ሆኖ ነው የሚሰማው። ለአደጋ ብቻ አስቀምጠው። በመብራት ብልጭታም ተማምነህ አትግባ።

10. ልጅ በጭን አይያዝም። እስከ ስምንት ዓመት በልጅ መቀመጫ፣ ቢያንስ እስከ ሁለት ዓመት ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ። «ቅርብ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ነው» የሚባል ነገር የለም።

11. ከተጋጨህ፣ ትንሽ ጭረትም ብትሆን፣ ጥለህ አትሂድ። መኪናውን ትቶ የሄደ ባለቤት ከሆነ ስምህንና ስልክህን ጽፈህ ተውለት። ኢንሹራንስ ሳይኖርህ ደግሞ ከነጭራሹ አትንዳ።

12. ዲሲ ስትገባ ምልክት እያነበብክ ግባ። ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ በሥራ ቀናት ጠዋት በሙሉ ወደ መሃል ከተማ ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሙሉ ወደ ሰሜን ብቻ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ትናንት የሄድክበት መንገድ ዛሬ ፊት ለፊት ሊመጣብህ ይችላል።

ልጁ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ሁለተኛዋ ላይ ጣቱን አደረገ። «ይቺን ለምን አሰመርክባት?» አለኝ። ያኔ ነው የልጅቷን ነገር የነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «መኪና መኪና ነው» አላለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ያኔ የስምንት ወር የነበረችው ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አውቶቡሷ የሚቆመው ከቤታችን ማዶ ነው። አንድ ጠዋት እጇን ይዤ ልናቋርጥ ስንል ዝም ብላ ገባች። ጎተት አድርጌ «ግራና ቀኝ አይተሽ ነው እንጂ!» አልኳት።

«አባዬ፣ ቀዩ በርቷል እኮ፣ ይቆማሉ» አለችኝ።

ምን ልበላት? «አይቆሙም፣ እኔ አልቆምኩም ነበር» ልበላት? አሁንም በየጠዋቱ ግራና ቀኝ እንድታይ እነግራታለሁ። ግን የቆሙትን መኪኖች በመስኮታቸው አያቸዋለሁ። አንዱ ቡና ይጠጣል፣ አንዷ ትቀባባለች፣ አንዱ ከሌሊት ሥራ የሚመለስ እንደኔ ዓይነት ሰው ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ልጄን ግን በየቀኑ የማሻግረው በእነሱ ነው።

ቅዳሜ ዕለት በመጨረሻ ቁልፉን ሰጠሁት። እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከሰፈራችን ሳንወጣ ባለችው ስቶፕ ላይ ሙሉ በሙሉ ቆመ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ማንም የለም። ዞር ብሎ አየኝ። «ጥሩ፣ ሂድ» አልኩት። እናቱ ማታ ደውላ ሲነዳ መዋሉን ስትሰማ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ልጄ» ብላ መረቀችው። አሜን ብለናል። ግን ነገ ከነገ ወዲያም ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር።

ወገኖች፣ አዲስ የመጣ ሰው ቤታችሁ ካለ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡት። እኔን የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፣ «መንዳት እችላለሁ» ብዬ ማንንም ስላልጠየቅሁ ነው። እናንተስ መጀመሪያ ስትነዱ ምን ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። የረሳሁት ካለም ጨምሩበት፣ ለልጁ አነብለታለሁ።